ታንኳዋን ማን ገፋት?

የረጠበ ደንገል ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ እግሬን እሰበስባለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ከሐይቁ ዳር በሚያጭደው ደንገል በሠራት ታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ይወስድ ነበር፣ እኔም አንዳንዴ እከተለው ነበር። አንድ የመስከረም ጠዋት፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ ሳይኖር፣ ወደ ዳርቻው ድንጋይ ልዘል እግሬን ሳነሣ ታንኳዋ ከሥሬ ሸሸችና ውኃው ዋጠኝ። አባቴ በቀሚሴ ጎትቶ አወጣኝ። እኔ ግን ያን ዕለት ገባኝ፤ ከታች ሆኖ የሚጎትት አለ፣ የሚጎትተውም ሰው እግሩን እስኪያነሣ አድብቶ ነው።

እናቴም የጠረጠረችው ይህንኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከታንኳ ልንወርድ ስንል፣ ጎረቤታችን ቄሱ እንዳያዩዋት ዞር ዞር ብላ አይታ፣ እንዲተወን ብላ ውኃው ላይ ቆሎ ትበትንለት ነበር።

በጋ ሲሆን አንድ ወጣት የፊዚክስ መምህር ሐይቁ ዳር ባለው ግቢያችን ቤት ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቹን ወደ ሐይቁ ይዞ ሲወርድ እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች «ይኼ ሰውዬ ከውኃው ምን ጉዳይ አለው?» ትል ነበር። አንድ ቀን የአባቴን ታንኳ ተውሶ፣ ውኃው ከጉልበት በማያልፍበት ቦታ አንዱን ተማሪ ወደ ዳር አዘለለው። ታንኳዋ እንደ ልማዷ ሸሸች።

«ማን ገፋት?» አለ መምህሩ።

«ነፋስ!» «ማዕበል!»

እናቴ ከአጥሩ ብቅ አለች። «መምህር፣ እባክዎ ከታች ያለውን ስሙን አያስጠሯቸው!»

«እትዬ፣ የገፋት የልጁ እግር ነው።»

«ልጁ ወደ ፊት፣ ታንኳዋ ወደ ኋላ! እርስዎ ደግሞ እግሩ ነው ይሉኛል?»

ተማሪዎቹ ሲስቁ እሱ አልሳቀም። «ወደ ፊት ለመዝለል ታንኳዋን ወደ ኋላ መግፋት አለበት፣ እሷም መልሳ እሱን ትገፋዋለች። ድንጋይ ቢሆን ከባድ ነውና አይሸሽም፤ እሷ ግን ቀላል ናት» አለና መቅዘፊያውን እንጨት ከታንኳዋ ኋላ ጭቃው ውስጥ ተክሎ ልጁን ደግሞ አዘለለው። ታንኳዋ አልሸሸችም።

«ዛሬ ሰው በዝቶበት ነው» አለች እናቴ።

ክረምት ገብቶ ከገበያ ስንመለስ ማዕበል ያዘን። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ከብዶ፣ ታንኳዋ እየተንገዳገደች እንደ ምንም ዳር ስንደርስ አባቴ «ዝለይ!» አለኝ። እናቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ «አትዝለይ፣ እየጠበቀሽ ነው!» አለች። እኔ መምህሩንም ሐይቁንም አላመንሁም፣ ቢሆንም አንዱን መምረጥ ነበረብኝ።

«አባ፣ መጀመሪያ መቅዘፊያውን ከኋላ ትከለው!»

ተክሎ በደረቱ ተደገፈው። ዘለልሁ። ታንኳዋ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልሸሸችም። እናቴም ዓይኗን ጨፍና፣ ቆሎው ከእጇ ተበትኖ፣ ተከተለችኝ።

ዛሬ ልጄ ያንኑ ትምህርት ከተማ ትማራለች። «እማዬ፣ ይኼ እኮ ሕግ አለው» ትለኛለች። ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥሁት እኔ ሕጉን አምናለሁ፤ ሐይቁን ግን እስካሁን አላምነውም። ያኔ የምፈራው ለራሴ ነበር፣ አሁን ለእሷ ነው። ከሞተር ጀልባ ስንወርድ ገመዱ መታሰሩን ሳብ አድርጌ ሳላይ እጇን አለቅም፣ እሷም እየሳቀች ትጠብቀኛለች። ከዚያ ሁለታችንም እንወርዳለን፣ ከእግራችን በታች ድንጋይ አለ፣ አይሸሽም።

ደረስን። ደኅና ነን።