ከቆቡ ያልወደቀው ገለባ

በዚያ ቀን በገበሬ ማኅበሩ ግቢ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊው፣ ጠመንጃ የያዘ አንድ ጥበቃ፣ የደብራችን ቄስ፣ እጣ የሚጣልባቸው ስድስት ልጆች፣ የስድስቱም እናቶች። የእኔ የበኩር ልጅ ከስድስቱ አንዱ ነበር። የሊቀመንበሩም ልጅ ነበረበት። ሊቀመንበሩ "ይኸው የራሴንም አስገብቻለሁ" ሲል ሰው አጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። እጄን ይቁረጠው!

በልጉ ቀርቶ፣ ክረምቱም ተከትሎት፣ የመካነ ሰላሙ ቦረናችን ከነከብቱ የተራበበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ከቀበሌያችን አንድ ሰው ለጦር ይዋጣ ተባለ። በአገራችን እጣ ሲጣል እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይሰጣል። የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ዞር ብሎ ይቆይና እጁን ከቶ አንዱን ያወጣል። ልጄ ለዘር ካስቀመጥነው ባቄላ አንዲት ፍሬ ሰጠ። ሌሎቹ ጠጠር፣ ሽምብራ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የእንጨት ስባሪ ሰጡ። የሊቀመንበሩ ልጅ የገብስ ገለባ። ሁሉም በጸሐፊው የሱፍ ቆብ ውስጥ ገባ። ቄሱ ፊታቸውን አዙረው ቆይተው መጡና እጃቸውን ከተቱ። ባቄላዋ ወጣች።

"የእግዜር ፈቃድ ነው፤ አብሽሪ ልጄ" አሉኝ።

እኔ ግን ዓይኔ ከቆቡ ላይ ነበር። ጸሐፊው ሲገለብጠው የቀሩት ምልክቶች መሬት ወደቁ። ገለባው አልወደቀም። ሱፉን ይዞ ቀረ። ጸሐፊው በጥፍሩ ነቅሎ ጣለው።

ቤቴ ገብቼ የባሌን የሱፍ ቆብ አወረድኩ። ያንኑ ስድስት ዓይነት ከተትኩበት። ትንሿን ሴት ልጄን ዓይኗን በነጠላ ሸፍኜ "አውጪ" አልኳት። ያወጣችውን መልሼ እከታለሁ፣ ቆቡን አናውጣለሁ፣ ለወጣው ምልክት ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ሰረዝ እሰምራለሁ። እጇ እስኪዝል አወጣች። የባቄላው፣ የጠጠሩ፣ የቁልፉ ሰረዝ አንዱ ከሌላው ብዙም ሳይበልጥ ተሰለፈ። የገለባው ቦታ ባዶ ነበር።

በማግስቱ ቆቡን ይዤ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ።

"ጌታዬ፣ በእንስራ ይደገም። ስድስቱም ባቄላ ያምጡ፣ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ይጫርበት።"

"የወጣ እጣ አይመለስም። እጣ የእግዜር ነው።"

"እግዜር የለም ስትሉን አልነበረም? ዛሬ ለገለባ ሲሆን መጣ?"

ጥበቃው ሳቁን ዋጠ። ሊቀመንበሩ ግን ተነሣ፤ "አንቺ ሴትዮ፣ አድኃሪ መባል አማረሽ?"

ልጄ ተከትሎኝ መጥቶ ኖሮ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። "እማዬ፣ ተይ። ቆቡን ለአባዬ መልሺለት፣ ይበርደዋል።"

ከመካነ ሰላም በጭነት መኪና ወሰዱት። ባቄላዋን እንኳ አልመለሱልንም።

ያኔ ዓይኗን የሸፈንኩባት ልጅ ዛሬ ደሴ ኮምፒዩተር ታስተምራለች። በቅርቡ ዳይስ የሚሉትን ባለ ስድስት ገጽ መጫወቻ የሚወረውር ፕሮግራም ጽፋ አሳየችኝ። ማሽኑ ሳይደክመው ይወረውራል፣ የወጣውን ይቆጥራል፣ ለየቁጥሩ መስታወቱ ላይ ዘንግ ያቆማል። ስድስቱ ዘንጎች እኩል ለመሆን ጥቂት ነው የቀራቸው።

"አየሽ እማዬ፣ ብዙ ሲወረወር ሁሉም ድርሻውን ያገኛል።"

"አንዱን ገለባ አድርጊው" አልኳት።

ገባት። ጻፈች። አምስት ዘንግ ቆመ፤ ስድስተኛው ከመሬት አልተነሣም። የቤቴ ግድግዳ ነው! እዚያው ማሽኑ ፊት ጮህኩ።

ገለባው ባይኖርም ባቄላዋ ልትወጣ ትችል ነበር ይሉኛል። እሱን አውቃለሁ፣ ሦስተኛ ክፍል ያቋረጠም ያውቀዋል። ግን አምስት እናቶች ልጃቸውን ቆቡ ውስጥ ሲያስገቡ ስድስተኛው አልገባም። ያስጨበጨበን ደግሞ የእሱ አባት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እስከ ዛሬ ያልተመለሰው ልጄ ረጅም፣ ጠይም፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የማጭድ ጠባሳ ያለው ነው። ከመካነ ሰላም በዚያ መኪና አብራችሁት የተጫናችሁ፣ ወይም ከዚያ ወዲህ ያያችሁት ካላችሁ፣ በሕይወት ካለም ከሞተም ንገሩኝ።