በርበሬ በቃ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። የምታበስለው ወንበርና ጠረጴዛ ለሚሠራ አንድ ድርጅት ሠራተኞች ነው። እኔም ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ እዚያው ሰሃን አጥባለሁ። ሠራተኞቹ ካላቃጠላቸው የበሉ አይመስላቸውም፤ ስለዚህ እታለም በርበሬ ታምሳለች። የማእድ ቤቱ አንድ መስኮት ደግሞ ከውጭ ጣውላ ስለተደረደረበት አይከፈትም።

ዓይኗን እንዳይፈጃት የዋና መነጽር ታጠልቃለች፤ ዋና ግን አትችልም። አፍና አፍንጫዋን በእርጥብ ፎጣ ትጠመጥማለች። ፍሬውን ስትሰነጥቅ እጇን ዘይት ትቀባና ላስቲክ ታስርበታለች። እንዲህም ሆኖ ደረቷ ያፏጫል። ሐኪሙ «ወይ ጭሱን፣ ወይ ሥራውን ተዪ» ብሏታል። ሥራውን ከተወች ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን። ጣውላው ይነሳልን ብለን ሥራ አስኪያጁን ስንለምን ግን፣ «በርበሬ ሰው ገድሎ ያውቃል?» ይሉናል።

አንድ ጠዋት እታለም፣ «ጋሼ፣ እስቲ ገብተው ይዩት» አለቻቸው።

ገቡ። ጭሱ ወደ ሠራተኞቹ እንዳይሄድ ብለው በሩን ራሳቸው ዘጉ። አንድ ፍሬ አንስተው ሰነጠቁና፣ «ይቺ ናት?» አሉ። እታለም ምጣዱ ላይ ያለውን አንዴ አገላበጠችው።

ወዲያው ትን አላቸው። ደጋግሞ አስነጠሳቸው። ከዚያ በዚያው እጃቸው ዓይናቸውን አሹ።

«ኧረ ዓይንዎን አይንኩ!» አለች እታለም።

«ጠፋሁ! ጠፋሁ!»

እየተደናበሩ ወደ ግቢው ወጡ። እንባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። ሠራተኞቹ መጋዛቸውን ጥለው ከበቧቸው።

«ምነው ጋሼ? ማን ምን ሆነ?»

«በርበሬ...» ሳል ቀደማቸው። «በርበሬ... በቃ!»

ጉዱ የመጣው፣ በርበሬ የምንለው ዘበኛውንም ስለሆነ ነው። ግልፍተኛ ነው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ያን ጠዋት ደግሞ በሩ ላይ አልነበረም።

«ወይኔ በርበሬ!» አለ አናጺው ራሱን ይዞ። «ትናንት እንኳ ሰድቦኝ ነበር እኮ!»

«እኔንም!» አለ ቀለም ቀቢው። «ስድብ እንደሱ ማን ያውቅበታል!»

ሥራ አስኪያጁ «አይ... አይ...» ሲሉ፣ ሠራተኞቹ ሐዘኑ የጠናባቸው መስሏቸው ደግፈው አስቀመጧቸው። እታለም መነጽሯን እንዳጠለቀች ብቅ ብላ፣ «ውሃ አምጡ፣ ዓይናቸው ይታጠብ» ብትል፣ አናጺው ተቆጣት።

«ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው! አንቺን ደግሞ ዛሬ ነው ዋና ያማረሽ?»

ይሄኔ ዘበኛው ዳቦ እየገመጠ ገባ።

«ማን ሞቶ ነው የምታላዝኑት?»

«አንተ!»

«እናንተ ከርፋፎች! እኔ በሞትኩ እናንተ ሥራ ልትፈቱ?»

አናጺው ተንሰቅስቆ አቀፈው። ዘበኛው እየተራገመ ከእቅፉ ለመውጣት ሲታገል፣ እኔ የሥራ አስኪያጁን ዓይን ደጋግሜ አጠብኩ። እታለም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትተነፍሳለች። የደረቷን ፉጨት ያኔ ገና የሰሙት መሰለኝ።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«የዛሬው እንኳ ቀለል ያለ ነው፣ ጋሼ።»

ጣውላው ተነሳ። መስኮቱ ግን ተዘግቶ ስለኖረ አልከፈት ብሎ፣ አናጺው ከነመቃኑ ነቀለው። አሁን በቀዳዳው ዝናብ ይገባል፣ አንዳንዴም ድመት። ቢሆንም የእታለም ደረት ቀለል ብሎላታል፤ ሥራውንም አልተወች።

ጭሱ የሚሄደው ፊት ለፊት ወዳለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ሊያነጋግራቸው የገባ ሁሉ እያለቀሰ ስለሚወጣ፣ በሰፈሩ ጨካኝ ናቸው ይባላል።