ከሰባት ዓመት በፊት የዘነበው ዝናብ

ዛሬ ጠዋት የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ደወለችልኝ። «ባሚያ የሚያደርቁት የሴቶች ማኅበር ያንቺን ፕሮግራም ሊጠቀምበት ወስኗል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ነገ ይዘንብ እንደሆነ ስልካቸው ላይ ያያሉ» አለችኝ። አመሰገንኳት መሰለኝ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ስልኩን ዘግቼ ግቢ ወጣሁና ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ በአጥሩ ላይ የጎረቤታችንን ባዶ ግቢ ሳይ አፍንጫዬ የሌለ ነገር አሸተተ፤ ተከትፎ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ባሚያ፣ ያንን አዲስ የታጨደ ሣር የሚመስል ሽታ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ያቺ ጎረቤታችን የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ኻልቲ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። እናቴ ደግሞ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ናት፤ እዚሁ አሶሳ አድጋም የወላጆቿ አነጋገር አለቀቃትም። ሁለቱ በአጥር ላይ በአማርኛ ያወጋሉ። የኻልቲ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን ሁልጊዜ «አንተ» ነበር የምትለኝ።

በዚያ ጥቅምት የኻልቲ ልጅ ማንቡክ በምትባል ከተማ ወልዳ ነበር። ኻልቲ የደረቀ ባሚያ ሳትይዝ አልሄድም አለች። «አራስ ያለ ባሚያ ምን ይበላል? ወተት ከየት ይመጣል?» ትላለች። ግን ጥቅምት እኛ ጋ ዝናቡ ገና አልወጣም። የተከተፈ ባሚያ ሁለት ሦስት ቀን ደህና ፀሐይ ካላገኘ ይበላሻል። ኻልቲ በየጠዋቱ ሰሌኗን ይዛ ደጃፍ ላይ ትቆማለች፤ ሰማዩን ታያለች፣ ትመለሳለች።

ልክ በዚያ ሳምንት የኮምፒውተር አስተማሪያችን «ጠያቂ ፕሮግራም» የምትለውን እያስተማረችን ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች አራት ብቻ ናቸው፤ ሲሞቁ የተቃጠለ አቧራ ይሸታሉ። ከባሕር ማዶ የየአገሩን ዝናብ የሚያውቅ ኮምፒውተር አለ አለችን። ፕሮግራማችሁ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ይልክለታል፣ እሱም መልሱን ይልካል። ደብዳቤው የሚጻፈው ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ስሙ በተጻፈበት ዕቃ ውስጥ እየተከተተ እንደመላክ ነው። «ቦታ» ብለሽ ትከፍቻለሽ፣ አሶሳን ታስገቢያለሽ፣ «ቦታ» ብለሽ ትዘጊያለሽ።

«የከፈታችሁትን ዝጉ» ትላለች አስተማሪያችን። «እዚያ ያለው እንደኔ ታጋሽ አይደለም።»

እኔ ሦስት ጊዜ መዝጋት ረስቼ ሦስት ጊዜ ስህተት ተባልኩ። በአራተኛው መልስ መጣ። ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከባድ ዝናብ። ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከአሶሳ የጻፍኩትን ደብዳቤ አንድ የማላውቀው ማሽን አንብቦ መለሰልኝ። ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በሩጫ ነው የደረስኩት።

«ኻልቲ፣ ባሚያውን እንዳታወጪ። ሦስት ቀን ይዘንባል።»

«ማን አለ?»

«ኮምፒውተር።»

«ኮምፒውተር ሰማይ ያያል?»

እናቴ ከአጥሩ ወዲህ ሆና ሰማች። «አይ አንች፣ ዝናብ ደግሞ መጣሁ ብሎ መልእክት መላክ ጀመረ?»

ኻልቲ ግን አመነችኝ። የከተፈችውን ሁሉ ቤት ውስጥ ከምራ በጆንያ ሸፈነችው።

በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። «ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አልኩ። በሁለተኛውም ቀን ወጣች፤ የማንጎው ቅጠል ሁሉ ያብለጨልጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኻልቲ ጆንያውን ስትገልጠው ባሚያው ጠቁሮ ተላቁጧል። ለፍየሎቿ ሰጠችው፤ አሽትተው ሄዱ።

«የኮምፒውተሩን ምግብ ፍየልም ናቀው» አለች እናቴ።

ኻልቲ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችኝምም። «አራሷ ይጠብቃል» ብላ ብቻ ገባች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ዕለት አስተማሪያችን ደብዳቤዬን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። «ቀኑን ከየት አመጣሽው?»

«ከግድግዳው።»

ዞራ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አየች። በትልልቁ የተጻፈው የኛ ነው፤ ከሥሩ በደቃቁ የፈረንጆቹ አለ። እኔ ቀኑንና ወሩን ከደቃቁ በጥንቃቄ ገልብጫለሁ። ዓመቱን ግን ከላይ በትልቁ ከተጻፈው ወስጄ 2016 ብያለሁ። በነሱ 2023 ነበር።

«ኮምፒውተሩ አልዋሸሽም፤ የጠየቅሽውን ነው የመለሰልሽ» አለችኝ። «ይሄ ከሰባት ዓመት በፊት የዘነበ ዝናብ ነው።»

ይህንን ለኻልቲ ለመንገር ከቤታችን እስከ አጥሩ ያለው መንገድ ረዘመብኝ። ልብስ እያጠበች ነበር። ስነግራት እጇን አራግፋ በጣቶቿ ቆጠረች።

«ሰባት? ያ ዝናብ አለ። ወላሂ አለ። ሦስት ቀን ጣሪያ አፈሰሰ። ባሌ እላይ ወጣ፣ ቆርቆሮ ይመታል። እኔ ከታች ባልዲ ይዤ። እሱ ይስቃል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ኮምፒውተር ያንን አይቷል?»

«አይቷል፣ ኻልቲ።»

«እሱ የተቀበረ ቀንም ጠይቅ። እኔ ዘነበ እላለሁ። ልጄ አልዘነበም ይላል።»

ባሏ ያረፈው ከዚያ ጣሪያ በኋላ በመጣው ሚያዝያ ነው። ቀኑን አታውቀውም፤ ዓርብ መሆኑን ብቻ ታስታውሳለች። በማግስቱ ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ የዚያን ሚያዝያ ዓርቦች አንድ በአንድ ጠየቅሁ። ሁሉም ደረቅ ነበሩ፤ ከአንዱ በቀር። በዚያኛው ካፊያ ዘንቧል። ስነግራት «ያ ነው» አለች፤ ሻሿንም ዓይኗ ላይ አደረገች።

ፕሮግራሙን ቀኑን ከራሱ ከኮምፒውተሩ እንዲወስድ አድርጌ አስተካከልኩት። ኻልቲ ከጓሮዋ የተረፈውን ባሚያ ለቀመች። መልሱ «አራት ቀን ዝናብ የለም» የሚል ነበር፤ ሰማዩ ግን ግራጫ ነው። አንዴ ሰማዩን፣ አንዴ እኔን አየችና ሰሌኑን ዘረጋች። ቅዳሜን ሙሉ ሰሌኑ አጠገብ ተቀምጬ ደመና ስጠብቅ ዋልኩ። እናቴ ቆሎ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ያን ቀን አልቀለደችም። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ኻልቲም በሳምንቱ የደረቀውን ባሚያ በነጠላ ቋጥራ ማንቡክ ሄደች።

ባለፈው ዓመት ልጇ ጠቅልላ ወሰደቻት። ይህን ስጽፍ የግቢዋ በር በሽቦ እንደታሰረ ነው።

ዛሬ ወሬውን ልነግራት ደወልኩ። ከኋላዋ ሕፃን ይንጫጫል። እስክጨርስ ሰማችኝና «ቢንቲ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። «የነገ ዝናብ ብቻ አትጠይቅ። የድሮም ጠይቅ። ሰው ሁሉ አንድ ዝናብ አለው።»

እኔም ግብዣዋን ለእናንተ አስተላልፋለሁ። በልባችሁ የቀረ ዝናብ ካለ የከተማችሁን ስም ጽፋችሁ ላኩልኝ። ቀኑ ቢጠፋባችሁ ግድ የለም፤ ወሩን ብቻ ንገሩኝ፣ ቀን በቀን እየጠየቅሁ እፈልገዋለሁ።