አንገቴ ላይ የታሰረው እንግሊዝኛ

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ቤዛ የትምህርት ቤት ደብተሯን ይዛ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ገጹን በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍላዋለች፤ አንደኛው ላይ የእንግሊዝኛው ቃል፣ ሁለተኛው ላይ ተመሳሳዩ፣ ሦስተኛው ላይ ተቃራኒው። ከግርጌው ደግሞ አስተማሪዋ ፈሊጣዊ አነጋገር ጨምራላቸዋለች። «አያቴ፣ ‹ሆልድ ዩር ታንግ› ምን ማለት ነው?» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ምላሷን በሁለት ጣቷ ይዛ ሳቀች። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ሴትዮ ክው ብዬ ቀረሁ። «አታውቂውም እንዴ?» አለች፤ የዛሬ ልጅ አያቷን አንቱ አትልም። ማወቁንስ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔም በሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህችኑ አነጋገር ስሰማ ምላሴን በሁለት ጣቴ ይዤ ስቄ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሲያጥር ስምንት ዓመቴ ነው። አባቴ ከአርበኞች ጋር ጫካ ገብቷል። ለሚጠይቀን ሁሉ ግን «ወገቡን አሞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዷል» እንላለን። ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚከርም ወገብ የት አገር እንዳለ እንጃ፤ ጎረቤቶቻችን ደጋግ ሰዎች ነበሩና «ይማረው» ብለው ያልፉ ነበር። እኔና እናቴ በጋፋት መንገድ ካለው ካጎቴ ቤት ተጠግተን ነበር የምንኖረው። አጎቴ የኔታ እንግዳው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ብራና ፍቀው መጽሐፍ የሚጽፉ፣ ተማሪ የሚያስተምሩ የቤተ ክህነት ሰው። ቤታቸው ሁልጊዜ የራሰ የፍየል ቆዳና ለቀለም የሚፈጨው ጥቀርሻ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬ የትም ቢመጣብኝ ልቤ መጀመሪያ ደስ ይለዋል፤ ቀጥሎ ይደነግጣል።

የኔታ ሌላም ነገር ያውቁ ነበር። ከጦርነቱ በፊት አንድ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገራችን መጥቶ ሳለ አብረውት ሠርተው እንግሊዝኛ ለምደዋል። የለመዱትም እንደ ፈረንጅ ልጅ ሳይሆን እንደ ቅኔ ቤት ተማሪ ነው፤ የግዕዙ ግስ በቃል እንደሚወርድ ሁሉ የእንግሊዝኛውንም ቃል አንድ በአንድ በቃላቸው አወረዱት። ጣሊያን ሲገባ የፈረንጅ ትምህርት የቀመሰ ሰው እየተለቀመ መወሰድ ጀመረ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅማ የእንግሊዝ ሰላይ ተባለ። የኔታ ያን ጊዜ ደብተራቸውን እናቴ እንኳ ሳታይ ምድጃ ውስጥ ከተቱት። «ወረቀቱን አቃጠልሁት፤ ቃሉን ግን ማን ያቃጥለዋል?» አሉኝ። ፊደል ቀደም ብለው አስቆጥረውኝ ነበር። ወንድ ተማሪዎቻቸው በየመንገዱ ይፈተሻሉ፤ ሴት ልጅ ታነባለች ብሎ የሚጠረጥር ግን አልነበረም። ስለዚህ ቃሉን ወደኔ ያፈሱት ጀመር።

«ቃል ብቻውን አይቆምም» ይሉኝ ነበር። «ወንድሙንም ጠላቱንም ማወቅ አለብሽ። ያን ጊዜ ነው ቃሉን ያዝሽው የሚባል።» ተመሳሳዩን ወንድም፣ ተቃራኒውን ጠላት ነው የሚሉት። እርሳቸው ብራናቸውን እየፋቁ «ቢግ» ሲሉ እኔ የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ «ወንድሙ ላርጅ፣ ጠላቱ ስሞል» እላለሁ። «ግላድ» ሲሉ «ወንድሙ ሃፒ፣ ጠላቱ ሳድ»። ሁሉም በሹክሹክታ ነው፤ እንግሊዝኛ ማለት በሹክሹክታ ብቻ የሚነገር ቋንቋ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ጨዋታ ሆኖብኝ ያየሁትን ሁሉ ወንድምና ጠላት እፈልግለት ጀመር። አንድ ቀን የውሻችን ጠላት ማን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ጅብ ነዋ!» ብለው መፋቂያው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

ፈሊጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ቃላት እንደ ሰው ናቸው፤ በየቤታቸው ሌላ፣ ማኅበር ሲቀመጡ ሌላ» አሉኝና «ሆልድ ዩር ታንግ» የሚለውን ነገሩኝ። እያንዳንዱን ቃል ስለማውቀው ወዲያው ምላሴን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ያዝሁት። የኔታም ሳቁ። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ዝም በይ ማለት ነው። ሰው ፊት የምታውቂውን አታውጭ ማለት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን እንግዳ በገባ ቁጥር ምላሳቸውን በሁለት ጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፤ እኔም ጸጥ እላለሁ። ምልክታችን ነበረች።

ቃሉ እየበዛ ሲሄድ የቀደመው ይጠፋኝ ጀመር። የኔታ ስፋቷ ሁለት ጣት የሆነች የብራና ቁራጭ አዘጋጁና ከላይ በቀይ ቀለም «በስመ አብ» ጻፉ። ከሥሩ በጥቁር ቀለም፣ በእኛው ፊደል፣ የእንግሊዝኛውን ቃል ከነወንድሙና ከነጠላቱ ደረደሩት። ትርጉሙን አልጻፉም፤ «እርሱ በልብሽ ይጻፍ» አሉኝ። ከዚያ ጠቅልለው በቀይ ቆዳ ከተቱና እኔና እርሳቸው ብቻ በምናውቀው ቋጠሮ አሥረው አንገቴ ላይ አንጠለጠሉት። ላየው ሁሉ ክታብ ነው። ክታብ ደግሞ አይከፈትም፤ ከተከፈተ ኃይሉ ይሄዳል፣ የከፈተውም ሰው ጦሱ ይደርስበታል ይባላል። ከዚህ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይገኛል? እናቴ እንኳ የጸሎት ክታብ መስሏት ጠዋት ጠዋት ትሳለመው ነበር። የኔታ እሷን ባዩ ቁጥር «እግዜር ይቅር ይበለኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር።

ዓመት እንዳለፈ የአርበኞች ደብዳቤ በክታብ ተሰፍቶ ይተላለፋል የሚል ወሬ ጣሊያን ጆሮ ገባ። እኛ አልሰማንም። አንድ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ጌሾ ይዘን ገበያ ስንወጣ ኬላው ላይ ሰው ተሰልፏል፤ አንድ ጣሊያን በሰንጢ የያንዳንዱን ሰው ክታብ ይቀድዳል። የተቀደደው ቆዳ መሬት ላይ ተከምሯል። ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ባዶ አንገታቸውን ይዘው «ራቁቴን አስቀሩኝ» እያሉ ይራገማሉ። እናቴን ቀሚሷን ብይዛት «አይዞሽ፣ የልጅ ክታብ አይነኩም» አለችኝ። ምን እንደተጻፈበት ብታውቅ እዚያው ትወድቅ ነበር። ተራችን ሲደርስ «ጌታዬ፣ የልጅ ነው፣ አይፈታም!» ብላ ተንበረከከች። ሰንጢው ግን አንገቴ ሥር ገብቶ ማሰሪያውን በጠሰው።

ጣሊያኑ ብራናውን ዘርግቶ አየና ላስተርጓሚው ሰጠው። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው፣ ድሮ ዲያቆን የነበረ ወጣት ነው። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በዲያቆን ድምፁ ከፍ አድርጎ ጀመረው። ቀጠለና «ሎንግ ቶል ሾርት፣ ቢግ ላርጅ ስሞል፣ ግላድ ሃፒ ሳድ…» አለ። ዓይኔን ጨፈንሁ። የኔታ ሲሰቀሉ ታየኝ። ድምፁ ግን እያነሰ፣ እያነሰ መጣ። ዓይኔን ስገልጥ ፊቱ አመድ መስሏል። ክታብ ላይ የሚጻፍ አስማት ትርጉሙ የማይታወቅ የኅቡዕ ስም ዝርዝር ነው፤ ቤተ ክህነት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። የየኔታ ቃል ለሱ ሌላ ሊመስለው አልቻለም። ባልበቃ አፉ ያነበበ መስሎት ሦስት ጊዜ አማተበ። ከኋላችን የተሰለፉት ሴቶችም «አሜን!» አሉ። ከሁሉ ቀድማ አሜን ያለችው እናቴ ነበረች።

ጣሊያኑ አስተርጓሚው የነገረውን ሰምቶ ሳቀና ብራናውን ወረወረው። አስተርጓሚው ካቧራው ላይ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ ተሳልሞ መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በለስላሳ ድምፅ «የኔ እመቤት፣ እንዲህ ያለ ጥልቅ አስማት ማን ጻፈልሽ?» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? ዓመት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣ ያህል ነበር። እንግሊዝኛው አልታወቀም! ድነናል! ደስታዬ አፌን ከፈተው። «አጎቴ ናቸዋ! የኔታ እንግዳው! በጋፋት መንገድ፣ ወይራው ያለበት ቤት! ሌላም ብዙ ያውቃሉ!» እናቴም አጠገቤ ቆማ በወንድሟ ኮርታ ፈገግ ብላ ነበር።

ገበያው አልታየኝም። እየሮጥሁ ተመልሼ ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው። ቀለም እያማሰሉ ነበር። ሴቶቹ አሜን ማለታቸውን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። ስማቸውን የጠራሁበት ላይ ስደርስ ማማሰሉን አቆሙ። «ስሜን ነገርሽው?» «አዎ።» «ቤቴንም?» ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት የገባኝ። ጣሊያን ጠንቋይና አስማተኛ ሕዝቡን ያሳምፃል እያለ ስንቱን ሰው ከየደብሩ እያደነ እንደሚወስድ እኔም ሰምቼ ነበር፤ ግን የኔታ አስማተኛ አልነበሩማ! እንግሊዝኛውን ስንደብቅ አስማተኛ አደረግኋቸው። ከድጡ ወደ ማጡ ይሏል ይኸ ነው። እናቴ ከገበያ ገብታ አደጋው ሲነገራት «ወንድምዓለም፣ ጣራ ገዳም ይግቡና ከመነኮሳቱ መሐል ይሸሸጉ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች። «እኔን ቢያጡ እናንተን ነው የሚይዙ» አሉ። እኔን አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ መጡ። አስተርጓሚው አብሯቸው ነበር፤ ክፉ ሰው ይሁን ወይም የሰማውን መያዝ አቅቶት ያወራ የዋህ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሣም። የኔታ «አስማተኛ አይደለሁም» አሉ። «ታዲያ ልጅቱ ክታብ ላይ የጻፉት ምንድን ነው?» አላቸው አስተርጓሚው። ዝም አሉ። እኔ ምሰሶውን ታቅፌ ቆሜያለሁ። እንግሊዝኛ ነው፣ ጨዋታ ነው፣ ወንድምና ጠላት ነው ብዬ ልጮህ አፌን ከፈትሁ። የኔታ ቀና ብለው አዩኝና ምላሳቸውን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ነካ አደረጉ። ወታደሮቹ ከንፈራቸው ላይ የቀረ የፍየል ፀጉር ያነሡ ሳይመስላቸው አይቀርም። አፌን ዘጋሁ። በገዛ ጥምጥማቸው እጃቸውን የፊጥኝ አሥረው ወደ ምሽጉ ወሰዷቸው። የቀለሙ ገንቦ ተደፍቶ ደጁ ድረስ ፈሰሰ። ብናገር ይድኑ ነበር? ወይስ እኛም አብረን እንጠፋ ነበር? ይህን ጥያቄ ስንት ሌሊትና ስንት ቀን እንዳላመጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጣሊያን ተሸንፎ ምሽጉ ሲከፈት ዐሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እስረኞቹ እየተደገፉ ሲወጡ አንድ በአንድ አየኋቸው፤ የኔታ የሉበትም። በሩ ላይ አንድ እንግሊዛዊ መኮንን የእስረኞቹን መዝገብ ይዞ ቆሟል። ሄጄ ፊቱ ቆምሁ። ሁለት መቶ ቃል ከነወንድሙና ከነጠላቱ አውቃለሁ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን አላውቅም፤ እሷን ሊያስተምሩኝ ገና ነበር። «አንክል። እንግዳው» አልሁት። ቀጥዬ «አላይቭ? ዴድ?» አልሁ፤ ቃሉን ከነጠላቱ። ሰውየው ሹሩባዬን፣ ባዶ እግሬን ደጋግሞ አየ። መዝገቡን አገላብጦ አጠገቡ የቆመውን ሰው አስነበበው። ከዚያ ከጠራሁለት ከሁለቱ ቃል አንዱንም አልመለሰልኝም። «ሶሪ» አለኝ። የኔታ ያላስተማሩኝ ቃል ነበር። ወንድሙን አላውቀው፣ ጠላቱን አላውቀው፤ ትርጉሙን ግን ከፊቱ ላይ አነበብሁት።

ኋላ እዚሁ ደብረ ታቦር አስተማሪ ሆንሁ። የቃሉን ወንድምና ጠላት ለስንቱ ልጅ አወረድሁ፤ ያችን ፈሊጥ ግን አንድም ቀን አላስተማርኋትም። መጽሐፉ ላይ ስትመጣ ገጹን እገለብጠዋለሁ። ለዚህ ነው ቤዛ ባለፈው ቅዳሜ ምላሷን ይዛ ስትስቅ የደነገጥሁት። ለማንም ያልነገርሁትን ያን ቀን ለሷ ነገርኋት። ስጨርስ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለችኝ። «ዘጠኝ።» «እኔም እኮ ዘጠኝ ነኝ» አለች።

ዞር ብዬ አየኋት። የጫማዋን ማሰሪያ አጣምማ አሥራዋለች። ጣቶቿ ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ፈስሶባታል። አንገቷ ቀጭን ነው፤ አንድ እጄ ይበቃዋል። ዘጠኝ ዓመት ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ያየሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያችን ልጅ ስወቅሳት የኖርሁት እንደ ትልቅ ሰው ነበር።

ቤዛ ደብተሯን አንሥታ ወደ ግቢው ወጣች። ብዙ ሳትቆይ ድምፅዋን ለቀቀችው፤ ቢግ፣ ላርጅ፣ ስሞል እያለች በመላ ጉሮሮዋ ትጮኻለች። እኔ እንደ ልማዴ በሩን ልዘጋ ተነሣሁ። እጄ መዝጊያው ላይ ደርሶ ቆመ። ድምፅዋ እስከ ጋፋት መንገድ ሳይሰማ አይቀርም። በሩን ከፍቼ ተውሁት።