ሻንሲውን ማን ይቀባው?

ጋራዥ ውስጥ በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሁሉም «መስታወት» ነበር የሚሉት፤ እሱ በቀባው የመኪና በር ላይ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ ይሄዳል እየተባለ። ሰው ሲያመሰግነው «ገና ሁለተኛ እጅ ቀለም ይቀረዋል» ብሎ ያበሳጫል። ቀለም ወርዶ ምስር የምታህል ጠብታ ሠርቶ ካየ ደግሞ አያድርስ ነው! በሩ እንዳለ ተፍቆ ሥራው ከሀ ይጀመራል፣ ጠብታዋን የጣለው ሰውም ቀኑን ሙሉ ቁም ስቅሉን ሲያይ ይውላል።

ዕድሜ ልኩን የማገው የቀለም ብናኝ ግን የትም አልሄደም፤ ሳንባው ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የቀለም መርጫ እንዳይነኩ፤ ከነኩም እኔ ጋ እንዳይመጡ» ብሎ ቁርጡን ነገረው። አሁን ከአልጋው ተነስቶ ግቢ ለመውጣት መሃል ላይ ግድግዳ ይደገፋል። ሲተኛ ደክሞት ይተኛል፣ ሲነሳም ደክሞት ይነሳል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ሸራ ለብሶ የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል አለ። የሚስቱ አባት ናቸው በሱ ፖስታ ሲያመላልሱ የኖሩት። እሷም በልጅነቷ ከፊት ተቀምጣ፣ መሪውን ይዛ፣ እኔ ነኝ የምነዳው እያለች ያደገችበት ነው። ሲጋቡ «አዲስ አድርጌ እሠራልሻለሁ» ብሎ ቃል ገባ። የሰው መኪና ሲያሳምር የቤቱ ሞተር ዛገ። መጀመሪያ ሰሞን ትጠይቀው ነበር፤ ኋላ መጠየቋን ተወች። የከነከነውም ይሄ መተዋ ነው። ዘንድሮ ካልሠራው መቼም እንደማይሠራው ያውቃል።

ሞተሩን አንድ የድሮ ባልደረባው ከሻንሲው ፈትቶ ወስዶ አስነሳለት። እሱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አቧራ እንዳይነሳበት በውሃ እያራሰ፣ ሻንሲውን፣ የሞተር ሳይክሉን የብረት አጽም፣ በብርጭቆ ወረቀት ስንዝር በስንዝር ፈገፈገው። ከመቀመጫው ሥር የብሩሽ ሰንበር ያለበት ጥቁር ቀለም ሲያገኝ፣ የቀባውን ሰው ሳያውቀው አጥንቱ ድረስ ሰደበው። በመጨረሻ ራቁቱን የቀረው ሻንሲ ግቢው ውስጥ በሽቦ ተንጠለጠለ፣ ፀረ-ዝገት ቀለሙንም ሚስቱ በጨርቅ ቀባችለት። የቀረው የላይኛው ቀለም ነው።

የሴት ልጁ ባል፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው። «አባባ፣ በዱቄት ቀለም ያስቀቡት» ብሎ ወደሚሠሩበት ቦታ እየነዳ ወሰደው። ዱቄቱ ብረቱ ላይ ይነፋል፣ ብረቱ ምድጃ ይገባል፣ እንደ ሳህን ጠንክሮ ይወጣል። ባለሙያው አንድ ናሙና አምጥቶ በቁልፍ ቧጨረው። ምንም የለም። መስታወት ጣቱን አሳርፎበት ቆየ። ጠብታ የለውም፣ ሰንበር የለውም። «ቆንጆ ነው» አለ። ከልቡ ነው ያለው።

«ቢጫርስ?» አለ።

«አይጫርም፣ አባት።»

«ቢጫርስ?»

«እሱማ... እስከ ብረቱ ተገፎ እንደገና ነው።»

«በል ወደ ቤት መልሰኝ» አለው የልጁን ባል። የመጫሩ ነገር ሰበብ መሆኑን ለራሱም አልደበቀም። ያንን ሻንሲ ምድጃ ከቀባው እሱ ምን ሠራላት?

በማግስቱ ሚስቱ ወጣ ስትል ጠብቆ መርጫውን ፍለጋ መሳቢያውን ሳበ። የለም። ዕቃ ቤቱን አመሰው፤ የለም። ስትመለስ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

«የት አደረግሽው?»

«ምኑን?»

«አንቺ ሴት፣ አትቀልጂብኝ!»

«ሐኪሙ የተናገረ ዕለት ለሰው ሰጠሁት።»

ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሳል ቀደመው። ግድግዳውን ይዞ ሳለ፣ ሳለ፣ እንባው ወረደ። እስኪበርድለት ጠበቀችው።

«አባዬ ሞተሩን በብሩሽ ነበር የሚቀባው» አለች ቀስ ብላ። «ቆርቆሮውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ።»

«በብሩሽ? አጥር አደረግሽው እንዴ? ሰንበሩ ይታያል እኮ!»

«ይታይ። የአባዬም ይታይ ነበር።»

ያን ሁሉ ስድብ በማን ላይ ሲያወርድ እንደነበር አሁን ገባውና ክርክሩን ተወ።

አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ከፈቱ። ብሩሹን እሱ ያዘና ከፊት፣ መሪው የሚገባበት አንገት ላይ ጥቂት አስኬደ። ወዲያው ሽታው ጉሮሮውን ያዘው። እጁ ተንቀጠቀጠ። ብሩሹን ከእጁ ወሰደችና በርጩማውን ነፋሱ ሽታውን ወደማያመጣበት፣ የግቢው በር ጥግ አስቀመጠችለት። ያ ሁሉ ጋራዥ የፈራው ሰው በርጩማው ላይ ሆኖ ይጮህ ጀመር።

«ጫፉን ብቻ ንከሪ!»

«አውቃለሁ።»

«መድረቅ ከጀመረ አትመለሺበት!»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ!»

እውነትም ታውቃለች። ብሩሹን ረዘም አድርጋ ትስበዋለች፣ ሳታስጨንቀው ታነሳዋለች። ጉልበቷ እያመማት አጎንብሳ ወደ ኋላ፣ እስከ ታችኛው ብረት ደረሰች። እያንጎራጎረች ነበር። እሷ ስታንጎራጉር የሰማበትን ጊዜ ሊያስታውስ ሞክሮ አቃተው።

ያኔ ነው ጠብታዋን ያያት። በታችኛው ብረት ሥር፣ በእሱ በኩል፣ ጥቁር ጠብታ ቀስ እያለች ወረደችና ቆመች። እሷ ካለችበት አትታያትም። አፉን ከፈተ። ከተናገረ ታቆማለች፣ ያንን ጉልበቷን ይዛ እንደገና ታጎነብሳለች፣ ማንጎራጎሩም ያበቃል። አፉን ዘጋ። ጠብታዋ ዓይኑ እያየ ደረቀች።

ወደ ማምሻው ላይ የልጁ ባል መጣ። «አባባ! መስታወት እኮ ነዎት!» አለ ገና ከበሩ።

«እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት የቀባችው።»

ሰውየው እያደነቀ ዞረና ጎንበስ አለ። «ውይ፣ እዚች ጋ ግን ጠብታ ወርዳለች።»

ብሩሹን ታጥብ የነበረችው የመስታወት ሚስት እጇን ገታች። ባሏ ስለ ጠብታ ምን እንደሚል ዕድሜ ልኳን ስትሰማ ኖራለች።

«እሷን ጠብታ እንኳ የጣልኳት እኔ ነኝ» አለ መስታወት። «መጀመሪያ ላይ ልሞክር ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠብኝ።»

«አይዞዎት አባባ፣ ምንም አትልም» አለ የልጁ ባል፤ ሌላም አልጠየቀ።

ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ ሚስቱ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጥታ አጠገቡ የበሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ሻንሲውን አዩት።

«አንተ የቀባኸው ከፊት ብቻ ነበር» አለችው።

በአገጩ ወደ ሻንሲው አመለከተ።

«ገና ሁለተኛ እጅ ይቀረዋል» አላት። «ነገም እዚሁ እቀመጥልሻለሁ።»