ረዳቱ የከዳበት አራተኛ እትም

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ታፔላ የምትስል ሴት እኔ ብቻ ነኝ። የፀጉር ቤቱን፣ የጁስ ቤቱን፣ ባጃጆቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር እኔ ነኝ የሠራሁት። ከአማርኛ አስተማሪው ጋር የተዋወቅነውም በዚሁ ሥራ ነው። የትምህርት ቤቱን በር ስቀባ በእረፍት ሰዓት እየመጣ ቆሞ ያየኛል። አንድ ቀን፣ «ተማሪዎቼ የሚያነቡት ነገር የላቸውም። አንቺ ከሳልሽ እኔ እጽፋለሁ» አለኝ።

የሥዕል መጽሔታችን እንዲህ ተጀመረ። ጀግናዋ የቀወት ማሽላ ገበሬ ልጅ ናት፤ ካባዋን ደርባ እጇን ስትዘረጋ የሮቢ ወንዝ ጎርፍ ይቆምላታል። አብሯት የሚዋጋ ረዳትም ነበራት። ረዳቱን ስስል የአስተማሪውን መልክ ሰጠሁት፤ ፍንጭት ጥርሱን፣ ሲያስብ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ማድረጉን። ሲያየው ደስ አለው። ሦስት እትም ፎቶ ኮፒ አድርገን፣ በስቴፕለር እየመታን አወጣን። ተማሪዎቹ እየተሻሙ ያነቡት ነበር። ሰውየውን ከወንድሜ በላይ አምነው ነበር።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ላይ መምህራን ሥራቸውን የሚያሳዩበት ዝግጅት ነበርና መጽሔቱን ይዞ ሄደ። ለእኔ አልነገረኝም። አንዲት ደንበኛዬ ናት ቪዲዮውን በስልኳ ያሳየችኝ። ሰዎች ከበውት፣ «ሥዕሉንስ ማን ሠራው?» ይሉታል።

«ጽሑፉም ሥዕሉም የኔ ነው» አለ። ድምፁ እንኳን አልተለወጠም።

ቪዲዮውን አቁሜ ገጾቹን አጎላኋቸው። በየገጹ ጥግ የማኖረው ፊርማዬ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል።

ሲመለስ ሄጄ አልተጣላሁትም። በሬን ዘግቼ አራተኛውን እትም ብቻዬን ሠራሁ። በዚያ እትም ረዳቱ ይከዳል። ጀግናዋ ታማ በተኛችበት ካባዋን ይሰርቃትና ደርቦት ገበያ መሃል ቆሞ፣ «ጎርፉን ሳቆምላችሁ የኖርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ጎርፉ ሲመጣ ግን እጁ አይታዘዝለትም፤ ሰዉን ጥሎ ይሸሻል። የመጨረሻውን ገጽ በሙሉ በሚሸሸው ረዳት ፊት ሞላሁት። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ስዬ አላውቅም። ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለተማሪዎቹ በተንኩት።

ሁለት ቀን አልፈጀም። ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ «ካባ ሌባ» እያሉ ማንሾካሾክ ጀመሩ። በሦስተኛው ቀን መሰላል ላይ ወጥቼ ታፔላ ስቀባ ከሥር መጥቶ ቆመ።

«ውረጂ፣ እንነጋገር።»

«እዚያው ሆነህ ተናገር፤ ይሰማኛል።»

«ልጄ አነበበችው። ‹አባዬ፣ ይሄ አንተ ነህ?› አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

ወደ መሰላሉ ጠጋ ብሎ፣ «በሚቀጥለው እትም ረዳቱን መልሺው። ይጸጸት፣ ይቅርታ ይጠይቅና ነገሩ ይለቅ» አለኝ።

«አንተ ይቅርታ ጠይቀሃል?»

«ተሳሳትኩ። ሰው ሲከበኝ ከአፌ አመለጠኝ።»

«ፊርማዬንም አፍህ ነው የቀባው?»

መሰላሉን ያዘ። የሚገፋው መስሎኝ የታፔላውን ብረት ጨበጥኩ። «ወላሂ፣ አንቺ ክፉ ሴት ነሽ» ብሎ ለቀቀውና ሄደ።

በማግስቱ እናቱ ቤቴ መጡ። ሰላም እንኳን ሳይሉኝ፣ «ሳልሽው ያሉኝን አሳዪኝ» አሉ። ማንበብ አይችሉም። የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። ብዙ ጊዜ አዩት።

«በደንብ ታውቂዋለሽ» አሉ። «አባቱ ሲቆጣው እንዲህ ነበር የሚሆነው። እናንተ ክፋት ትሉታላችሁ፤ ይሄ የፈራ ሰው ፊት ነው።»

«እትዬ፣ ፈርቶም ይሁን ምን፣ ሥራዬን ወስዶብኛል።»

«አልወሰደም አላልኩሽም።»

መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ትተው ወጡ። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊታቸውን ያዞራሉ።

በዚያው ሳምንት በጠዋት ሰልፍ ላይ ተማሪዎቹ ፊት ቆሞ፣ ሥዕሎቹ የኔ መሆናቸውን ተናገረ። ወሬውን ያመጡልኝ ሰዎች ደስ እንዲለኝ ጠብቀው ነበር። ደስ አላለኝም። ተማሪዎቹማ ማን እንደሳለው ድሮም ያውቃሉ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የከበቡት ሰዎች ናቸው መስማት የነበረባቸው። ክረምቱ ሳይገባ ዝውውር ጠይቆ ማጀቴ ወደምትባለው ከተማ ሄደ።

በአምስተኛው እትም ረዳቱን አልመለስኩትም፤ አልገደልኩትምም። ዝም ብዬ ተውኩት። አሁን ጽሑፉንም የምጽፈው ራሴ ነኝ። ተማሪዎቹ ሥዕሉ እንዳማረበት ነው፣ ንግግሩ ግን ቀዘቀዘ ይላሉ። አንዷማ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «የበፊቱ ጸሐፊ ይሻል ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ይህን ማጀቴ ድረስ ወስዶ የሚነግረው ሰው እንዳይገኝ ግን እፈልጋለሁ።