ምራቴ «ወረቀት» የምትለው መጽሐፍ

በ2015 ዓ.ም. እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሰባ አንድ ነው የሚሉ ዘመዶች አሉኝ። እናቴ ልደቴን የምትቆጥረው ከብት ካለቀበት ዓመት ተነስታ ነበርና እርግጡን የሚያውቅ የለም። እኔ ሰባ ሁለት ብያለሁ፣ ሰባ ሁለት ነው።

የምኖረው ሆሳዕና፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ነው። ልጄ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ አለው። ሚስቱና ሁለት ሴት ልጆቹ እኔ ዘንድ ናቸው። ያኔ ትልቋ ሰባት፣ ትንሿ አምስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ሰው የሚባል እነሱ ብቻ ናቸው። እነሱ ከሄዱ ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው።

ጥቅምት ላይ ትልቋ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ባጃጅ ገጫት። እግሯ ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። አስፋልቱን ስታይ ትንቀጠቀጣለች፣ ጎትተን ልናሻግራት ስንል ትጮሃለች። እናቷ ከማግባቷ በፊት ዱራሜ ሕፃናት ታስተምር ነበርና «እቤት አስተምራቸዋለሁ» አለች። ልጄ በስልክ ሲያመነታ ቆየና በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ቃል አስገባን።

«ነሐሴ መጨረሻ ላይ በቪዲዮ ደውዬ ትልቋን አስነብባታለሁ» አለ። «አንድ ገጽ በደንብ ካላነበበች ሦስቱም አዲስ አበባ አክስታቸው ጋ ይሄዳሉ። ትምህርት ቤቱ ከቤቷ አጥር ጋር የተያያዘ ነው፣ መንገድ መሻገር የለበትም። አባ፣ አትቀየመኝ።»

«አልቀየምም» አልኩት። ተቀይሜ ነበር።

አንድ ነገር ግን እኔም አስገባሁ። ልጆቹ የሚማሩበትን መጽሐፍ የምመርጠው እኔ ነኝ አልኩ። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነኝ፣ እቤቴ የሚገባው መጽሐፍ የእግዚአብሔር ነገር ያለበት እንዲሆን እፈልጋለሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ሊሞላኝ ሲል፣ ከገበሬዎች ጋር ማታ ማታ ተቀምጬ ነው። ዛሬም የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የተማርኩት በፊደል ገበታና በወንጌል ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር አላየሁም። ለእኔ የበቃ ለእነሱ ለምን አይበቃም?

መናኸሪያው አጠገብ ካለች የጽሕፈት ዕቃ መሸጫ ምራቴን ይዤ ሄድኩ። የፊደል ገበታ፣ አንድ ወንጌልና አንድ የመዝሙር መጽሐፍ አስወጣሁ። እሷ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደች። ከውጭ የመጣ፣ ክርስቲያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እቤት የሚያስተምሩበት ነው አለ ባለሱቁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ብዙ ነው።

«አባቴ፣ ይሄኛው ወረቀት ይሻላቸዋል» አለችኝ። «ፊደሉ ትልቅ ነው። ዓረፍተ ነገሩም አጭር ነው።»

ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። አንድ ቀይ ጠጉር ያለው ልጅ አልጋ ላይ ከውሻ ጋር ተኝቷል።

«ይህን ነው የምታስተምሪያቸው? ከውሻ ጋር መተኛት?»

«አባባ፣ ውሻው እኮ ታጥቧል!» አለ ባለሱቁ እየሳቀ።

«ቢታጠብስ ውሻ አይደለም?»

ምራቴ ወደ ወንጌሉ በጣቷ ጠቆመች። «ያኛው ወረቀት ደግሞ ገና ይከብዳቸዋል። ሲያድጉ ይሁን፣ አባቴ።»

ደሜ ፈላ። «ወረቀት? ወንጌልን ነው ወረቀት ያልሽው? ስኳር የሚጠቀለልበት ነው?»

ባለሱቁ ሳቁን ዋጠ። እሷ አቀረቀረች። «አላቃለልኩትም» አለች።

«ካላቃለልሽው ወግ ባለው ስሙ ጥሪው። መጽሐፍ በይው!»

አላለችም። ሻርፗን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ ዝም አለች። ይህ ዝምታ ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። የመረጥኩትን ይዤ ወጣሁ። እሷ የእንግሊዝኛውን በራሷ ገንዘብ ገዝታ በሻርፗ ሸፍና ተከተለችኝ። አየሁ፣ እንዳላየ ሆኜ መንገዴን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዓይኔን ከእሷ ላይ አላነሳሁም።

ትምህርቱ ሳሎን ውስጥ ነበር፣ ጠዋት ከቁርስ በኋላ። እኔ በሩ አጠገብ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። እንግሊዝኛውን ስታስተምር ቃሉ ከአፏ እንደ ውኃ ይወርዳል። ቁጥር በባቄላ ታስቆጥራቸዋለች፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ ትልቋ እግሯን እስክትረሳ ትጫወታለች። ወደ ፊደል ገበታው ሲዞሩ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ሀ ትላለች፣ ለ ትላለች፣ ሐ ትላለች፣ ከዚያ በመጠቆሚያ እንጨቷ አንድ መስመር ዘላ ሠ ላይ ታርፋለች።

«አንድ መስመር ዘለልሽ» አልኳት።

«እመለስበታለሁ፣ አባቴ።»

አልተመለሰችም። በሌላ ቀንም ዘለለች። መዝሙር ሲዘምሩም ልጆቹን ታስጀምርና አንዳንድ ቦታ ከንፈሯን ትገጥማለች። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ እሷ ከምባታ እኔ ሀድያ ስለሆንን መገናኛችን እሱ ነው። ስለዚህ ቋንቋው ከብዷት ነው እንዳልል አፏን የፈታችበት ያህል ትናገረዋለች።

ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ ገባኝ፣ ከገባኝም በኋላ አልወጣ አለኝ። ይህች ልጅ አዲስ አበባ መሄድ ነው የምትፈልገው። እህቷ እዚያ ናት። ልጆቹ አማርኛውን እንዳያነቡ ሆን ብላ እያበላሸችው ነው፣ ነሐሴ ሲደርስ ባሏ «ነይ» እንዲላት። አብሮኝ ሽማግሌ ለሆነ ጓደኛዬ ነገርኩት። «ወጣት ናት፣ ከተማ ያምራታል» አለኝ። «ከዓይንህ አትለያት።»

አልለየኋትም። ክረምቱ ሲገባ ጉልበቴም ታመመ፣ ጭራሽ ከቤት መውጣት ተውኩ። እኔ በጠበቅኳት ቁጥር እሷ ያቺን መስመር ትዘላለች። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ፣ እሷ ዓይኗን ትሰብራለች፣ ልጆቹ ደግሞ ሁለታችንን ያያሉ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ከሰዓት ልጄ ደወለ። ስልኩን ከስኳሩ ጣሳ ጋር አስደግፈን ጠረጴዛው ላይ አቆምነው። ትልቋ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ትንሿ ከጠረጴዛው ሥር ነበረች። ሰማዩ ጠቁሯል። ትልቋ መጀመሪያ እንግሊዝኛውን አነበበች። አንድም ቦታ አልተደናቀፈችም። ልጄ ከወዲያ «ጎበዝ! የኔ ጎበዝ!» ይላል።

«አማርኛውንስ?» አልኩ እኔ። «ከወንጌሉ ታንብብ።»

«አባቴ፣ ዛሬ ይቅር» አለች ምራቴ፣ ቀስ ብላ።

«አይቀርም!»

ወንጌሉን ራሴ ገልጬ ሰጠኋት። ልጅቷ ጀመረች። ጥሩ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል ላይ ቆመች። ቀና ብላ እኔን አየች። ቃሉን ትታ ቀጣዩን አነበበች። ወረድ ብላ እንደገና ቆመች፣ እንደገና አየችኝ፣ እንደገና ዘለለች።

«ለምንድነው የምትዘይው?» አለ አባቷ። «ያለውን አንብቢ እንጂ።»

ጣቷን እዚያው ቃል ላይ እንዳሳረፈች ወንጌሉ ላይ አቀረቀረች።

«ይሄ ማንበብ አይደለም» አለ ልጄ። ድምፁ ተለወጠ። «ተነጋግረናል። ልብሳቸውን አዘጋጁ፣ ትምህርት ሳይከፈት ይሂዱ።»

ተነሳሁ። «እኔ አውቄ ነበር! ሚስትህ ሆን ብላ ነው። አንድ መስመር ሙሉ ከፊደሉ እየዘለለች፣ ዓይኔ እያየ! እህቷ ጋ ለመሄድ ልጆቹን መሃይም አደረገቻቸው!»

ምራቴ አፏን በእጇ ያዘች። እንባዋ ይወርዳል። ያን ጊዜ ትንሿ ከጠረጴዛው ሥር ወጣች።

«አባባ፣ እህቴ እኮ ታውቃታለች። አንተ ካለህ አይባልም።»

«ምኑ ነው የማይባለው?»

«ያቺ ፊደል። የስምህ ናታ! እማዬ አንተ ካለህ አትልም። አንተ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነበር የምታስጠናን። አሁን ደግሞ አትሄድም።»

ወንበሩን ያዝኩ።

ይህን ወግ የአገሬ ሰው ያውቀዋል፣ ለማያውቅ ልንገር። በእኛም በከምባታም ሙሽራ የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውንም ቃል ሁሉ ትተዋለች፣ በሱ ፈንታ ሌላ ቃል ትላለች። እናቴ እስክትሞት ድረስ ወተትን በስሙ አልጠራችም። እኛ ሽማግሌዎች ይህ ነገር ቀርቷል ብለን በስብሰባ ከወሰንን ቆይተናል። በስብሰባው ላይ ሴት አልነበረችም። ምራቴን ያሳደገቻት አንጋጫ አካባቢ ያለች አያቷ ናት፣ ያስተማረቻትም ይህን ነው። ስሜን እዚህ አልጽፍም፣ በመ ይጀምራል ማለት ይበቃል። መጽሐፍ፣ መዝሙር፣ መስቀል፣ መምህር፣ አንዱንም እፊቴ ልትል አትችልም። እሷ ለራሷ የያዘችውን ልጆቹ ለሁሉም ሰው ነው ብለው ያዙት።

«ፈቅጄልሻለሁ» አልኳት። «አሁን በይው። ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«አይሆንልኝም፣ አባቴ።»

«ቤተ ክርስቲያን ትታዋለች እያልኩሽ!»

«አያቴ አልተወችውም። ቃል ሰጥቻታለሁ።» እንባዋን ጠረገች። «እርስዎ ቢፈቅዱም አፌ አይፈቅድልኝም።»

እኔ ደረቅ ሰው ነኝ፣ እንደሷ ያለ ደረቅ ግን አላየሁም።

«ሄሎ? አባ?» ይላል ልጄ። ምስሉ ተቆራረጠ። «ምን እየሆነ ነው? ኔትወርኩ ሊሄድ ነው፣ በኋላ ለአክስታቸው እደውላለሁ—»

«ቆይ! እንዳትዘጋ!» ብዬ ጮህኩ። «ለማንም አትደውል!»

ከዚያ ወዲያ ላደርገው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጋቢዬን ተከናነብኩ፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁ፣ ከኋላዬ ዘጋሁት።

ዝናቡ በዚያው ቅጽበት ወረደ። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆምኩ። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ውኃ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ጆሮዬን በሩ ላይ አስጠጋሁ፣ ምንም የለም። ልጅቷ አንብባ ይሁን፣ ስልኩ ተቋርጦ ይሁን፣ ልጄ ለአክስታቸው እየደወለ ይሁን አላውቅም። ልግባ ስል፣ ከገባሁ ደግሞ አፏ እንደሚዘጋ አስባለሁ። በገዛ ቤቴ ደጃፍ እንደ ለማኝ ቆምኩ። ጉልበቴ ሲዝል በርጩማ እንኳ አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ ያንን ኔትወርክ ያዝልኝ» አልኩ። ስለ ኔትወርክ ስጸልይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

በሩ ተከፈተ። ምራቴ ናት።

«ይግቡ አባቴ፣ ብርድ ይይዝዎታል።»

«አነበበች?»

«ሁለት ገጽ።»

ገባሁ። ልጄ ስልኩ ውስጥ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። «አባ፣ አንተ ስትወጣ ምላሷ ተፈታ እኮ! ምን ስታደርጋቸው ነው የከረምከው?»

«ይቆያሉ ወይስ ይሄዳሉ? እሱን ንገረኝ።»

«ይቆዩ። የሚቀጥለውንም ዓመት እዚያው ይማሩ። ግን ከዛሬ ጀምሮ መጽሐፍ የምትመርጠው እሷ ናት። አንተ ደግሞ ትምህርት ላይ አትቀመጥም።»

«አስብበታለሁ።»

«አባ!»

«አስብበታለሁ አልኩ!»

ትልቋ ከወንበሯ ወርዳ እጄን ያዘች። እጇ በላብ ርሶ ነበር። ምራቴ ጋቢዬን ተቀብላ ልትጨምቀው ወደ ጓዳ ሄደች። ስለ ተናገርኩት ነገር ያን ማታ ምንም አልተባባልንም፤ ራቴን አቀረበችልኝ፣ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ልጆቹ ቦታቸውን ያዙ። እሷ እንጨቷን አንስታ ገበታው አጠገብ ቆማ ጠበቀች፤ ወደ እኔ አላየችም። ዶማዬን ይዤ ጓሮ ወረድኩ። እንሰቱ ጀርባ ከሄዱ ከቤት ውስጥ የሚባል ነገር አይሰማም። ጭቃው ቁርጭምጭሚቴን ያሰምጥ ነበር። ለምሳ እስኪጠሩኝ ድረስ ስኮተኩት ዋልኩ።